አዋሽ ማደሪያ አለው



ስለ መርዝ እንድናገር ጋብዛችሁኛል፤ እኔ ግን የምጀምረው ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ ዓድዋ ሄደው ነበር። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ማደግ ስላለበት፣ ሥራቸው በየወንዙ እየዞሩ ቀንድ አውጣ መፈለግ ነበር። በወንዙ ዳር ሴቶች እንደ ወጉ በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ከማጠቢያው ትንሽ ዝቅ ብለው ውሃውን አዩ። እዚያ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉና የእንዶድ አረፋ አስጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ከዚያች ቀን የተነሣው ምርምር ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ።

እንዶድን የማያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። ያጣቢዋ ዓይን ልብሱ ላይ ነው፤ ነጣ ወይስ አልነጣም? እድፉን ውሃው ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሷ ጉዳይ አይደለም። የአክሊሉ ብልሃት ሌላው ሁሉ ዓይኑን ካነሣበት ቦታ መጀመራቸው ነው። እኔም ዛሬ ማታ የምጠይቃችሁ ያንኑ ነው፤ ከማጠቢያው ትንሽ ዝቅ ብለን እንድናይ።

እንዶድ እንግዲህ መርዝ ነው። ቀንድ አውጣን ብቻ አይደለም፣ መጠኑ ሲበዛ ዓሣንም ይገድላል። ብርብራም እንዲሁ መርዝ ነው። የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ውሃ ላይ በመበተን ዓሣ ማስገር አባቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣው የሳበውን ኦክስጅን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ሁለቱም መርዞች ግን አንድ ደግ ጠባይ አላቸው፤ ፀሐይና ተህዋስያን በቀናት ውስጥ ይፈቷቸዋል። ወንዙ ይረሳቸዋል።

ወንዙ የማይረሳው መርዝ ግን አለ። ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ የምንላቸው ከባድ ብረቶች ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ከዚያ በታች የሚፈርሱበት ደረጃ የላቸውም። እሳት አያቃጥላቸውም፣ ተህዋስያን አይበሏቸውም፣ ጊዜ አያበሰብሳቸውም። ቅርጽና ቦታ ይለውጣሉ እንጂ አይጠፉም። ዛሬ ወደ ቦይ የደፋነው እርሳስ የልጅ ልጆቻችን ዘመን ላይም እርሳስ ነው።

ይህ መርዝ የት ይገኛል ካላችሁ፣ አሁን ከዚህ አዳራሽ እንነሣና ወንዙን እንከተለው።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ይነሣሉ። ምንጫቸው ላይ ውሃው ጠጠሩን ያሳያል። ከዚያ ከተማው፣ አዲስ አበባ፣ ይቀበላቸዋል። መጸዳጃ ቤት ይለቀቅባቸዋል፤ የጋራዥ የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የማቅለሚያ እጣቢ፣ ቆዳ የለፋበት የክሮም ጨው ይገባባቸዋል። በተለይ ትንሹ አቃቂ በምዕራቡ የከተማ ክፍል ብዙ ፋብሪካዎችን እያለፈ ስለሚወርድ ሸክሙ ይከብዳል። ሁለቱ ወንዞች ከከተማው በስተደቡብ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ቦታ ነው፤ ዛሬ የሚታወቀው ግን ፊቱን በሸፈነው እምቦጭ ነው። እምቦጭ ራሱ ምስክር ነው። የሚወፍረው ከከተማው በሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነውና የሰው እዳሪ በበዛበት ይደላዋል። እምቦጩ ሲሞትና ሲበሰብስ፣ ከላይ ከሚመጣው ቆሻሻ ጋር ተዳምሮ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ያለ አንዳች መርዝ ታፍኖ ይሞታል።

ከአባ ሳሙኤል የወጣው ውሃ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ወደ ቆቃ ይገባል። የአዳማ ሰው የሚጠጣው ውሃ ከአዋሽ ተቀድቶ የሚጣራ ነው። ከዚያ የወንጂ ሸንኮራ፣ የመተሐራ ሸንኮራ፣ የአሚባራ እርሻ፣ የአሳይታ ከብትና ግመል ይጠብቁታል።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ በአፋር ምድር በጅቡቲ ድንበር ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። የተሸከመውን ግንድም እየተጓዘ ያወርዳል፤ ከፊሉን በአባ ሳሙኤል ደለል፣ ከፊሉን በቆቃ ጭቃ፣ ከፊሉን መስኖ በጠጣው ማሳ ላይ። ሌላው ዓለም «ባሕር ወሰደው» ብሎ ራሱን ሊያታልል ይችላል። እኛ ይህችም መጽናኛ የለችንም። አዋሽ ላይ የጣልነው ሁሉ ባሕር አይደርስም።

አሁን ከውሃው ወደ አፈሩ እንውጣ።

በአቃቂ ዳርና ዳር ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ የአትክልት ማሳዎች አሉ። ከከተማችን ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ትልቁ ድርሻ ከእነዚህ ማሳዎች ይመጣል። በጾም ወራት የማናችን ገበታ ነው ከዚህ ቆስጣ የሚያመልጠው? ገበሬው ክረምት ከበጋ አርሶ የሚበላው ሌላ ውሃ የለውም፤ ወንዙ ያመጣለትን ያጠጣል።

የአካባቢው ጥቁር መረሬ ብረቶቹን አጥብቆ ይይዛል። ይህ በመጀመሪያ መልካም ዜና ይመስላል፤ አፈሩ ማጣሪያ ሆነልን ማለት ነው። ነገር ግን ማጣሪያ የያዘውን ያከማቻል። መስኖው በገባ ቁጥር ጥቂት ይጨመራል፤ የሚቀነስ የለም። አፈሩ በሆነ ምክንያት አሲዳማነቱ ከጨመረ ደግሞ የያዘውን ይለቃል፤ ለሃያ ዓመት የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ለሥር ይቀርባል።

ሥርስ ለምን ይቀበለዋል? መርዞቹ ሐሰተኛ መታወቂያ ስላላቸው ነው። ካድሚየም በባሕርዩ ዚንክን ይመስላል፤ ተክሉ ደግሞ ዚንክ ያስፈልገዋል። በሩን ሲከፍት ሁለቱም ይገባሉ። ከአትክልት ሁሉ ይበልጥ ካድሚየም የሚያጠራቅሙት ቅጠላማዎቹ ናቸው፤ ሰላጣና ቆስጣን የመሳሰሉት። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለፉት አሥርት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶችም በወንዙ ውሃ በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ እንዲህ ያሉ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ አለ። በኮምጣጤ፣ በሎሚ አጥበን ብንበላውስ? ኮምጣጤ ለጀርም ነው። አፈርና አቧራም በማጠብ ይወርዳል፤ ይህ ራሱ ጥቅም ስለሆነ ማጠቡን አትተዉ። ቅጠሉ በሥሩ ጠጥቶ ሥጋው ያደረገውን ካድሚየም ግን የትኛውም እጥበት አያወጣውም። ከሥጋ ደምን አጥቦ የማውጣት ያህል ነው።

አፈሩ ውስጥ ደግሞ ከእኛ በፊት የሚጎዱ አሉ። ገበሬያችን ጤፍ ከዘራበት ቀጥሎ ባቄላ ወይም ሽምብራ የሚዘራው መሬቱ እንዲታደስለት ነው። የሚያድሱለት በእህሉ ሥር በትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይመግባሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከባድ ብረቶችን የመቋቋም ዐቅማቸው አነስተኛ ነው። እነሱ ሲያልቁ ማሳው ላይ የሚታይ ሬሳ የለም። ገበሬው «መሬቱ ደከመ» ይላል፤ ማዳበሪያ ይጨምራል። ፎስፌት ማዳበሪያም በተፈጥሮው ጥቂት ካድሚየም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ የዘመን ጉዳይ ይሆናል። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። እርሳስ ካልሲየምን መስሎ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ለአሥርት ዓመታትም ይተኛል። ሴት ስትፀንስ ሰውነቷ ለጽንሱ ካልሲየም ከአጥንቷ ይበደራል፤ በልጅነቷ የገባው እርሳስ አብሮ ይነሣና ወደ ልጇ ይሻገራል። እርሳስ የሚጎዳው ከሁሉ በላይ በማደግ ላይ ያለ አንጎልን ነው። እናቲቱ አንድ ቀን አልታመመችም፤ ልጁ ግን ትምህርት አልገባ ይለዋል። ከዚህ የከፋው፣ አይረን ያነሰው ሰውነት እርሳስንም ካድሚየምንም አብዝቶ የሚስብ መሆኑ ነው። በልቶ ያደረውና ጦሙን ያደረው ከአንድ ማሳ ቢመገቡ ጉዳታቸው እኩል አይሆንም። ስለዚህ «አትክልት ተዉ» የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። የተመጣጠነ ምግብ ራሱ አንዱ መከላከያ ነው። ጥፋቱ ያለው ቆስጣው ላይ ሳይሆን ቆስጣው የጠጣው ውሃ ላይ ነው።

ከብረቶቹ ሌላ፣ ሰው ራሱ የሠራቸው የማይረሱ መርዞችም አሉ። ዲዲቲን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተባይ ገዳይነቱን በ1939 ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል፤ አላግባብም አልነበረም። በአገራችን ቆላ ስንት ነፍስ ከወባ እንዳተረፈ የሚያውቅ ያውቃል። የዲዲቲ ጠንቅ ከውሃ ይልቅ ስብ መውደዱ ነው። ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ከውሃው ወጥቶ ወደ ደቃቁ ዋቅላሚ ይሄዳል። ትንሹ ዓሣ ሕይወቱን ሙሉ ዋቅላሚ ሲበላ የሁሉንም ድርሻ ይይዛል፤ ትልቁ ዓሣ የትንንሾቹን፣ ወፏ ደግሞ የትልልቆቹን። እያንዳንዱ በላተኛ ከበታቹ ያለውን ሁሉ ዕዳ ይወርሳል። በዝዋይ፣ በቆቃና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሣዎች ላይ፣ በዝዋይም ዓሣ በሚበሉ ወፎች ላይ የዲዲቲ ቅሪት ተገኝቷል። በወፎች ላይ የሚያደርሰው የታወቀ ጉዳት የእንቁላላቸውን ቅርፊት ማሳሳት ነው፤ እናቲቱ ልትታቀፈው ስትቀመጥበት ይሰበራል።

ስለ ጸረ-ተባይ ከተነሣ አንድ የራሳችንን ታሪክ ልጨምር። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ እየተባለ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ ብዙውም በእርዳታ፣ አገራችን የገባ ኬሚካል ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ ተከማቸ። በርሜሉ ዛገ፣ ፈሰሰ፣ ወለሉን አልፎ አፈር ገባ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ትልልቅ ክምችት ከነበረባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ማስወገድ ሲጀመር ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ በልዩ ምድጃ ተቃጠለ። አስቡት፤ በነጻ የመጣ ነገር ለመሸኘት የጠየቀውን ወጪ! ጊዜው ያለፈበት መርዝ ማለት መርዝነቱ ያለፈበት ማለት አይደለም።

ዛሬም ገጠር ስትወጡ ባዶው የኬሚካል ጀሪካን ታጥቦ ውሃ፣ ወተት፣ ዘይት ሲቀዳበት ታያላችሁ። ጤፍና ስንዴ በሚበቅልበት አገር ንብ አናቢውና ሰብል አምራቹ የሚጋጩትም በዚሁ በኬሚካሉ ነው። «ቱፎርዲ» የሚሉት ጸረ-አረም ንቧን በቀጥታ ባይገድላት እንኳ የምትቀስመውን የአረም አበባ ያጠፋባታል፤ በአበባ ሰዓት የሚረጭ ጸረ-ተባይ ደግሞ ራሷን ይገድላታል። ርጭቱ ንብ ቀፎዋ ወደምትገባበት ወደ ማታ ቢሆን፣ ጎረቤትም ቀድሞ ቢነገረው ብዙ ቀፎ ይተርፋል። አንዳንድ መፍትሔ እንዲህ ርካሽ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ እስካሁን ከላይ ወደ ታች ወረድን። አሁን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ስለወጡ ሰዎች ላውራችሁ።

በጃፓን ጂንዙ የተባለ ወንዝ አለ። ከላይ፣ በካሚዮካ፣ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ማውጫ ነበር፤ ከታች፣ በቶያማ፣ በወንዙ መስኖ ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬዎች። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የገበሬ ሴቶች፣ በተለይ ብዙ የወለዱት፣ አጥንታቸው እየሳሳ ይሰበር ጀመር። አንዳንዷ ስትስል ብቻ የጎን አጥንቷ ይሰበራል። በሽታው ስም ያገኘው ከጩኸታቸው ነው፤ «ኢታይ-ኢታይ» ተባለ፤ «ያመኛል፣ ያመኛል» እንደ ማለት። የመንደሩ ሐኪም ኖቦሩ ሀጊኖ መነሻው ከማዕድን ማውጫው የሚወርደው ካድሚየም መሆኑን ሲናገሩ የሰማቸው ጥቂት ነበር። መንግሥት ያመነው በ1968 ነው። በዚያው ዓመት ተጎጂዎቹ የማዕድን ማውጫውን ኩባንያ ከሰሱ፤ በ1971 ረቱ፤ በ1972 በይግባኝም ጸና።

ገበሬዎቹ ከካሳው ሌላ ያስፈረሙት ውል ነው ይበልጥ የሚያስደንቀኝ። የታችኛው አገር ሰዎች ባለሙያ ይዘው በየዓመቱ ወደ ላይ ወጥተው፣ ማዕድን ማውጫው ግቢ ገብተው፣ ፍሳሹን ራሳቸው እንዲመረምሩ፤ ወጪውን ኩባንያው እንዲችል። ከ1972 ጀምሮ እየወጡ መረመሩ። በወንዙ ውስጥ ያለው ካድሚየም ወደ ተፈጥሯዊ ልኩ እስኪጠጋ ቀነሰ። የማሳውን አፈር መመለስ ግን እንዲህ አልቀለለም። ከ860 ሔክታር በላይ መሬት ላይ የተበከለውን አፈር በንጹሕ አፈር የመተካቱ ሥራ በ1979 ተጀምሮ በ2012 ነው ያለቀ። ወንዝ ሲተዉት ይጠራል፤ አፈር ግን ሲተዉትም እንደያዘ ይኖራል።

ታዲያ እኛስ? እኛም ወደ ላይ የምንወጣበት መሰላል አለን። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። በ2002 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ አለው፤ ማንም ሰው «ምን አገባህ?» ሳይባል፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይን ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ መክሰስ ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የአሳይታው አርብቶ አደር ስለ አዲስ አበባው ቦይ መናገር ይችላል ማለት ነው። ሕጉ ከታች ያለውን ሰው አውቆታል፤ እኛ ነን ያላወቅነው።

መፍትሔው ያለው ደግሞ ምንጩ ላይ ነው። ክሮም ፋብሪካው ጋን ውስጥ ሳለ በኬሚካል አዝቅጦ፣ ሰብስቦ፣ መልሶ መጠቀም የሚያስችል የታወቀ ዘዴ አለ። ወንዝ ከገባ በኋላ ግን ማን ይለቅመዋል? በእርሳስ የተቀላቀለ ቤንዚንንም አስታውሱ። የአፍሪካ መንግሥታት በ2001 ዳካር ላይ ሊተዉት ተስማሙ፤ ከሰሐራ በታች ያሉት አገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ተዉት፤ በ2021 የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም ስታቆም ከዓለም የመኪና ነዳጅ ወጣ። በየቤቱ ማጣሪያ አልተገዛም፣ በየልጁ አፍ ጭምብል አልታሰረም፤ ከምንጩ ተዘጋ።

የከተማችን የወንዝ ዳርቻዎች በቅርብ ዓመታት አምረዋል። በ2019 የተጀመረው የሸገር ማስዋብ ሥራ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ነው፤ አበባውም መንገዱም ዓይን ይስባል። ዳር ላይ ቆመን ፎቶ ስንነሣ ግን እንደ ልብስ አጣቢዋ እንዳንሆን እሰጋለሁ፤ ልብሱ ነጣ ብለን ውሃውን እንዳንረሳው።

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከቤታችሁ፣ ከጋራዣችሁ፣ ከሱቃችሁ ጀርባ ያለው ቦይ የት እንደሚገባ ተከትላችሁ እዩ። የተቃጠለ ዘይቱ፣ ያለቀ ባትሪው፣ የቀለም እጣቢው ማን ደጃፍ እንደሚደርስ ጠይቁ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዶክተር አክሊሉም ሩቅ አልሄዱም። ከማጠቢያው ትንሽ ዝቅ ነው ያሉት።